ደረቅ አጥንት፣ የእንጨት ቀንበርና 34 መልሶች

ስለ ትንቢት ያነሳሁትን ጥያቄ መወያያ ገጹ ላይ የጻፍኩት በጾመ ነቢያት አንድ ሌሊት ነው። የደብረ ብርሃን ብርድ መቼም ታውቁታላችሁ። ጋቢ ተከናንቤ፣ አንድ እጄን ብቻ አውጥቼ ነው የጻፍኩት። ከዚያ ክሩ፣ ከሥሩ የተከተለው የመልስ ሰንሰለት ማለቴ ነው፣ ረዘመ። ኔትወርክ ሲሄድ ሲመጣ መሐል ላይ የቀራችሁ ብዙ ናችሁ። መሐል ሜዳ ያለች ጓደኛዬ ከ9ኛው መልስ ወዲያ አልከፍት እንዳላት ደውላ ነገረችኝ። እንግዲህ ከመጀመሪያው ጀምሬ በራሴ አፍ ልንገራችሁ። የሰውን ቃል እንዳለ አልገለብጥም። ተናዶ የጻፈ አለ፤ ሲነጋ ሳይቆጨው አልቀረም።

መነሻዬ ይህ ነበር።

የሰላ ድንጋይ ልጅ ነኝ። ሰንበት ትምህርት ቤት አድጌያለሁ፤ ከበሮ መትቻለሁ፤ ዘምሬያለሁ። በ2013 አጣዬ ስትቃጠል የአክስቴ ቤትም አብሮ ነደደ። በ2014 ኅዳር ጦርነቱ ወደ ደብረ ሲና ሲመጣ ዕቃ ቋጥረን በር በሩን ስናይ ሰነበትን። ከዚያ ወዲህ ያለውን እናንተም ታውቁታላችሁ። በዚህ ሁሉ መሐል ውስጤ ደረቀ። ቤተ ክርስቲያን እሄዳለሁ፤ እሰግዳለሁ፤ እመለሳለሁ። ልቤ ግን አብሮኝ አይሄድም ነበር።

ታናሽ ወንድሜ ደግሞ በሌላ መንገድ ሄደ። በስልክ ቀጥታ ስርጭት የሚተነብይ አንድ ሰው መከታተል ጀመረ። ሰውየው ቀን ቆረጠ። እስከ መስከረም ሁሉም ነገር ያበቃል አለ። ወንድሜ ሁለት በሬዎቹን ሸጦ የገንዘቡን እኩሌታ ላከለት። መስከረም ጠባ። አደይም አበበ። የተባለው ቀን ግን እንደማንኛውም ቀን መሸ። አሁን ወንድሜ የእርሻ ጊዜ ሲደርስ የሰው በሬ ይለምናል።

ከዚያ ወዲህ ትንቢት የሚለውን ቃል ጠላሁት። እንዲህ ሆኜ ሳለሁ አንድ ቀን ከቅዳሴ በኋላ ካህኑ ሕዝቅኤል ምዕራፍ 37ን አስተማሩ። በደረቅ አጥንት የተሞላው ሸለቆ። እግዚአብሔር ነቢዩን አጥንቶቹ በሕይወት ይኖሩ እንደሆነ ይጠይቀዋል። ሕዝቅኤል አዎ አላለም። እንዴት ተደርጎም አላለም። አንተ ታውቃለህ ነው ያለው። ይህን ስንት ጊዜ ሰምቼዋለሁ! የዚያን ቀን ግን መልሱ የኔ መልስ መሰለኝ። ነቢዩ እንኳን አላውቅም ማለት ከተፈቀደለት ለኔም ይፈቀድልኛል ብዬ አሰብኩ። ቤት ገብቼ አለቀስኩ። ከዚያ ጸለይኩ። ስንት ጊዜዬ!

ጥያቄዬም ይኸው ነበር። ወንድሜን ያከሰረውም ትንቢት ተባለ። እኔን ያነቃኝም ትንቢት ነው። ልዩነታቸው የቱ ጋ ነው? እናንተስ ነቢያትን እንዴት ታነባላችሁ? ለምሳሌ እንዲሆነኝም፣ ኢየሩሳሌም ከተቃጠለች በኋላ ኤርምያስ ለምርኮኞች ስለ 70 ዓመት የጻፈውን ደብዳቤ ጠቀስኩ። ተሳስቼ ኖሯል። እንደርስበታለን።

1 እና 2. ሁለቱም አሜን ብቻ ብለው አለፉ። አሜን ሲባል ምን ላይ እንደሆነ አልገባኝም፤ ያው ደስ ይላል።

3. ከአንኮበር አንድ ዲያቆን ነው። የመጻሕፍት ትርጓሜ እየተማረ እንደሆነ ነገረን። ጨዋ ሰው ነው፤ ሰላምታው ራሱ አንድ አንቀጽ ይሆናል። ከጾሙ ነው የተነሳው። ጾመ ነቢያት ኅዳር 15 ይገባል። ወደ ልደት ሲቃረብ ያሉት ሦስት እሑዶች ስብከት፣ ብርሃንና ኖላዊ ይባላሉ። ነቢያቱ መምጣቱን የሰበኩበት፣ ብርሃን የለመኑበት፣ እረኛ ያጡ በጎች ሆነው የጮኹበት ጊዜ ይታሰባል። የገረመኝ ከዚህ ቀጥሎ ያለው ነው። እኛ የምንጾመው የተፈጸመ ትንቢት ነው አለ። ልደት እንደተፈጸመ ይታወቃል። ግን በየዓመቱ ተመልሰን ከማያውቁት ጋር፣ ገና ከሚጠብቁት ጋር እንቆማለን። ይህን በየዓመቱ የተለማመደ ሰው ዛሬ ያለበት ጨለማ ማለቂያ የሌለው አይመስለውም። እሱ እንደሚለው የትንቢት ተስፋ መጪውን ማወቅ አይደለም። ጥበቃ ራሱ መጨረሻ እንዳለው ማወቅ ነው።

4. አራተኛው ሰላምታም የለው። በቀጥታ ስህተቴን አረመ። የኤርምያስ ደብዳቤ የተላከው ኢየሩሳሌም ከመቃጠሏ በፊት ነው። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ597 ንጉሡ ኢኮንያን፣ ሹማምንቱና የእጅ ባለሙያዎቹ ተማርከው ወደ ባቢሎን ሄዱ። ሕዝቅኤልም ከነዚያ ጋር ነበር፤ በኮቦር ወንዝ አጠገብ የተቀመጠው ለዚህ ነው። ከተማዋና ቤተ መቅደሱ የተቃጠሉት ግን ዐሥር ዓመት ያህል ቆይቶ፣ በ586 ገደማ ነው። አጻጻፉ ደረቅ ነው፤ እርማቱ ግን ነገሩን ገለበጠልኝ። ደብዳቤው የደረሳቸው ሰዎች ከተማቸው ገና ቆማለች። ቤታቸው አለ። ነገ ከነገ ወዲያ እንመለሳለን ብለው ጓዛቸውን ሳይፈቱ የተቀመጡ ናቸው። ለነዚያ ነው 70 ዓመት የተባለው። አመሰገንኩት። መልስ አልሰጠኝም።

5. ይህ ክሩ ውስጥ ካሉት ሁሉ ረጅሙ ነው። ከመንዝ የጻፉ ጡረተኛ መምህር ናቸው። ክሩ ላይ ሁሉም ጋሼ ይላቸዋል፤ እኔም ጋሼ ልበላቸው። አራተኛው የወረወረውን አንስተው ወደ ኤርምያስ 27 እና 28 ወሰዱን።

ኤርምያስ የእንጨት ቀንበር አንገቱ ላይ አድርጎ ይዞር ነበር። ለባቢሎን ንጉሥ ተገዙ፣ ጊዜው ረጅም ነው ለማለት። ጋሼ እዚህ ላይ ቆም ብለው ስለ ቀንበር ጻፉ። ከተማ ያደገ ሰው ይህን ሲያነብ ሥዕል ነው የሚታየው። ያረሰ ሰው ግን ክብደቱ ትከሻው ላይ ይሰማዋል። በሬው እንኳ ማታ ሲፈታ አንገቱን የሚያወዛውዘው ለምን ይመስላችኋል አሉ። ከዚያ ከገባዖን ሐናንያ የሚባል ነቢይ መጣ። በሁለት ዓመት ውስጥ ሁሉም ይመለሳል፣ ምርኮኛውም የቤተ መቅደሱ ዕቃም ይመጣል አለ። ይህን ያለው በቤተ መቅደሱ፣ በካህናቱና በሕዝቡ ፊት ነው። ቀንበሩንም ከኤርምያስ አንገት ወስዶ ሰበረው።

ሕዝቡ ማንን ወደደ? ሁለት ዓመት ያለውን ነዋ። ማንም ይወዳል።

ጋሼ ኤርምያስ ምን እንዳደረገ ልብ በሉ አሉ። አልተሳደበም። አሜን፣ እግዚአብሔር እንዳልከው ያድርግ ነው ያለው። እሱም ቢሆን ቶሎ ቢያልቅ ይወድ ነበር። አክሎም፣ የሰላም ትንቢት የተናገረ ሰው ነቢይነቱ የሚታወቀው ቃሉ ሲፈጸም ነው ብሎ መንገዱን ሄደ። ኋላ የእግዚአብሔር ቃል መጣለትና ተመልሶ፣ የእንጨቱን ሰብረህ በፋንታው የብረት ቀንበር ሠራህ አለው። ሐናንያ በዚያው ዓመት በሰባተኛው ወር ሞተ። ሁለቱ ዓመትም አለፈ። ለሁለት ዓመት ብቻ የተዘጋጀ ሰው በሦስተኛው ዓመት ምን ይሆናል? ጋሼ እዚህ ላይ የወንድሜን ነገር አነሱ፤ ግን በስሱ። የብረት ቀንበር ማለት እንዲህ ያለው እንደሆነ ብቻ ጠቁመው ተዉት።

6 እና 7. ሰውየው ማን ነው፣ ስሙን ጥሪ አሉኝ። አልጠራም አልኩ። አሁንም አልጠራም።

8. ይኼኛው ማን እንደሆነ አውቄዋለሁ አለ። ያወቀ አይመስለኝም። ከዚያ ነገሩን ወደ ሃይማኖት አዞረው። በስልክ መተንበይ የጴንጤዎች ሥራ ነው፣ ከነሱ ሌላ ምን ይጠበቃል የሚል ይዘት ነበረው። ቃሉ ከዚህ የከፋ ነው፤ አለዝቤላችሁ ነው።

9. አንድ የወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን አማኝ ከደብረ ብርሃን መለሰ። በጨዋነት ጀመረ። እሱ ያለበት ቤተ ክርስቲያን ሽማግሌዎች እንዲህ ያሉ ሰዎችን እንዳትከተሉ ብለው ደጋግመው አስጠንቅቀዋል። መጨረሻው ላይ ግን እሱም አልቻለም። በየመንገዱ በሕልም ታየኝ እያሉ ገንዘብ የሚሰበስቡ ሐሰተኛ ባሕታውያንስ ከየት መጡ ብሎ ጠየቀ።

10 እስከ 12. እዚህ ጋ ጓደኛዬ ምንም አልቀረባትም። ሦስት መልስ ሙሉ ስድብ ነው። አንዱን አወያዩ አጥፍቶታል። አንዱ የመጽሐፍ ቅዱስ ጥቅስ እየጠቀሰ ነው የሚሳደበው፤ እሱን ሳነብ ሳቄ መጣ።

13. ጋሼ ተመለሱ። የመምህር ድምፅ በጽሑፍም ይታወቃል። ሐናንያ የሌላ አገር ሰው ወይም የሌላ ሃይማኖት ሰው እንዳልነበረ አስታወሱን። በዚያው ቤተ መቅደስ፣ በዚያው በእግዚአብሔር ስም ነው የተናገረው። መለያውም በዘዳግም 18 ተቀምጧል፤ በስሙ የተነገረው ካልሆነ ያንን ነቢይ አትፍራው ይላል። ስሙ ወይም ወገኑ መለያ አልተደረገም። ከዚህ በኋላ ዝም ተባለ። ለጊዜው።

14. ይህን የጻፈችው ልጅ ናት፤ ተናጋሪዋ ግን እናቷ ናቸው። የማጀቴ ሰው ናቸው። በግንቦት 1953 የካራ ቆሬው የመሬት መንቀጥቀጥ ማጀቴን ሲያፈርሳት ልጅ ነበሩ። ሌሊት ሌሊት ሜዳ ላይ ተኙ። ሽማግሌው ሁሉ ምጽአት ደረሰ አለ። ንስሐ ያልገባ ገባ። በድንበር ተኳርፈው የኖሩ ሁለት ጎረቤታሞች እየተላቀሱ ታረቁ። ከዚያ ክረምቱ መጣ። ምጽአት አልመጣም። ቤት መሥራት ግን ግድ ሆነ። እኝህ እናት የሚሉት፣ ድንጋጤው ያመጣው ንስሐ ከክረምቱ ያላለፈላቸው ሰዎች ነበሩ። ሁለቱ ጎረቤታሞች ግን ጎጇቸውን አብረው ነው የመለሱት። እሳቸው ትንቢት ሲባል ትዝ የሚላቸው ያ ነው።

15. አንዱ የጂኦሎጂ ተማሪ ደስ አለው። እኛ ያለነው ስምጥ ሸለቆ ጠርዝ ላይ እንደሆነ፣ በ2017 ታኅሣሥና ጥር ፈንታሌና አዋሽ አካባቢ ደጋግሞ የተንቀጠቀጠውም በዚያው ምክንያት እንደሆነ አስረዳ። መሬቱ ከክርስቶስ ልደትም በፊት እየተሰነጠቀ ነው፤ ምልክት ከተባለ የማያቋርጥ ምልክት ነው አለ። ጥሩ ጽፏል። ሲንቀጠቀጥ በር ሥር መቆም ይሻላል ወይስ ጠረጴዛ ሥር በሚለው ግን አሁንም አልተግባባንም።

16 እና 17. ከርዕስ ወጣን። 16ኛዋ ደብረ ብርሃን ስሟን ያገኘችው ዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ ዘመን ከሰማይ በታየ ብርሃን እንደሆነ፣ ይህም ምልክት መሆኑን ጻፈች። 17ኛው ብርሃኑ በ1456 እ.ኤ.አ. የታየው የሃሌይ ኮሜት ሳይሆን እንዳልቀረ የሚናገሩ የታሪክ ጸሐፊዎች አሉ አለ። እሷ ኮሜት ቢሆንስ ማን ላከው ብላ አሳቀችኝ። ሰውየው አልሳቀም።

18. የታሪክ ሰው ነው። አገራችን በትንቢት የተቃጠለችው ዛሬ አይደለም ብሎ ጀመረ። ፍካሬ ኢየሱስ በሚባለው የትንቢት መጽሐፍ ላይ ቴዎድሮስ የሚባል ንጉሥ እንደሚነሳ፣ ሰላምና ጥጋብ እንደሚያመጣ ተጽፎ ነበር። ካሳ ኃይሉ በ1847 ሲነግሡ ያንን ስም ወሰዱ። በ1848 ሸዋ ገቡ። የ11 ዓመቱን ምኒልክን ይዘው ሄዱ። መጨረሻውም መቅደላ ላይ እንዴት እንደሆነ ይታወቃል። የሱ ነጥብ፣ ትንቢት ሰው ላይ ሲለጠፍ ሰውየውንም አገሩንም ይበላል የሚል ነው።

19. ይኼኛው ተቆጣ። በንጉሡ አትቀልድ አለ። ቀልድ አላየሁበትም። ደግሞ የ18ኛውን አማርኛ አርሞ ነው የሄደው።

20. ከአልዩ አምባ አንድ ሙስሊም ወንድማችን ነው። ከመጀመሪያው ጀምሮ እያነበበ እንደነበር፣ ጣልቃ ልግባ አልግባ ሲል እንደቆየ ጻፈ። እሱን የያዘው የሕዝቅኤል መልስ ነው። አባቱ በማያውቁት ነገር ሁሉ ወላሁ አዕለም፣ አላህ ያውቃል ይላሉ። ልጅ ሆኖ ይህ የስንፍና መልስ ይመስለው ነበር። አባቱ ግን ይህን ብለው አይቀመጡም። ይህን ብለው ይነሱና ሥራቸውን ይቀጥላሉ። ሕዝቅኤልም አንተ ታውቃለህ ካለ በኋላ ለአጥንቶቹ ተናገር ተባለ፤ ተናገረም። ሳያውቅ ታዘዘ። ይህን ዲያቆናችን ሳይል እሱ አለው። ዲያቆኑም ቅር አላለውም፤ ሥር ገብቶ አመሰገነው።

21. ከአንጾኪያ ቆላ የግብርና ባለሙያ ነበር። በ2013 መግቢያ አንበጣ ማሽላው ላይ ሲወርድ ሰው ጀሪካን እየደበደበ፣ ጅራፍ እያጮኸ ሲሯሯጥ እሱም አብሮ ነበር። አንድ ቄስ በዚያች ሰሞን ኢዩኤልን አነበቡላቸው። ተምች፣ አንበጣ፣ ደጎብያ፣ ኩብኩባ፤ አንዱ የተወውን ሌላው በላ የሚለውን። ገበሬው ተስፋውን ከመስማቱ በፊት የራሱን ማሳ ሰማ። ባለሙያው የሚለው ይህን ነው። ኢዩኤል ምዕራፍ 2 ላይ አንበጣ የበላቸውን ዓመታት እመልሳለሁ የሚለው ቃል የሚገባው፣ መጽሐፉ ጥፋቱን አሳንሶ ስላልነገረን ነው። እህሉን እመልሳለሁ አላለም፤ ዓመታቱን ነው ያለው።

22. ከዚህ በኋላ ክሩ ሞቀ። አንድ ሰው፣ የት እንዳለ አልተናገረም፣ በአንድ ትንፋሽ ወረደብን። አጥንት፣ አንበጣ፣ ኮሜት እያላችሁ ትተርካላችሁ፤ እዚያው ደብረ ብርሃን ውስጥ ተፈናቃይ በሸራ ሥር ብርድ እየፈጀው ነው። ተስፋ ሆድ አይሞላም። ስንዴ ላኩ። ትንቢት ድሮም የችግረኛ ማደንዘዣ ነው። እኔ የጻፍኩትን ለቅሶም ነካ አድርጎታል። አልዋሽም፣ አመመኝ። እውነት ያለበት ስድብ ደግሞ ይበልጥ ያማል።

23. የመለሰችለት እኔ አይደለሁም። ተፈናቅላ ከመጣች ጀምሮ በመጠለያ የምትኖር ሴት ናት። ከአጣዬ ወገን ነች። ሳትቆጣ ነው የጻፈችው። ስንዴው ልክ ነህ አለችው፤ ይምጣ፤ ዘይትም ቢጨመር። ተስፋ የሚያደነዝዝ ከሆነ ግን አባቴን አላደነዘዘውም አለች። አባቷ ከቤት ሲወጡ ብርድ ልብስ አልያዙም፤ ድስትም አልያዙም። የመሬታቸውን ደብተር ነው የያዙት። በፌስታል ጠቅልለው፣ ፌስታሉን በጨርቅ አስረው፣ ብብታቸው ሥር። ቤተሰቡ ስቆባቸዋል። ቤቱ ተቃጥሎ ደብተር! አሁንም ትራሳቸው ሥር ነው። ዝናብ ሲመጣ መጀመሪያ የሚያነሱት እሱን ነው። መጽሐፍ አያነቡም። ስለ ነቢያትም ብዙ አያውቁም። እኔ ግን ኤርምያስን ሳነብ አባቴን አየዋለሁ አለች። የቱን ኤርምያስ እንደሆነ ሳትናገር ጨረሰች።

24. የቱን እንደሆነ ዲያቆኑ ነገረን። ምዕራፍ 32 ነው። ኢየሩሳሌም ተከባለች። የባቢሎን ጦር የአፈር ድልድል ሠርቶ ከተማዋን ሊይዝ ነው። ኤርምያስ በግዞት ቤት አደባባይ ታስሯል። ከተማዋ እንደምትወድቅ የተናገረው ራሱ ነው። ያን ጊዜ የአጎቱ ልጅ አናምኤል መጥቶ በዓናቶት ያለውን እርሻዬን ግዛኝ አለው። እንግዲህ አስቡት፤ ጠላት የሰፈረበት አገር መሬት ነው። ኤርምያስ 17 ሰቅል ብር መዝኖ ሰጠ። ሰቅል 11 ግራም ያህል ነው ቢባል 200 ግራም እንኳ አይሞላም። ምስክር አቁሞ ፈረመ። በማኅተም የታተመውንና ያልታተመውን ሁለቱንም የውል ወረቀት ለባሮክ ሰጠው። ብዙ ዘመን እንዲቆዩ በሸክላ ዕቃ ውስጥ አድርጋቸው አለው። ምክንያቱም በዚህች አገር ቤትና እርሻ እንደገና ይገዛል ተብሏል።

ዲያቆኑ ከዚህ በላይ ምንም አላብራራም። ሸክላውንና ፌስታሉን አላነጻጸረም። እኔም አላነጻጽርም። ይህን ካነበብኩ በኋላ ግን ስልኬን አስቀምጬ ወጣሁና በረንዳው ላይ ቆምኩ። ብርዱ እንኳ አልተሰማኝም።

25 እና 26. 25ኛው በዚያ በኩል መሬት አሁን ስንት ነው ብሎ ጠየቀ። 26ኛው ደላላ ነው። ስልክ ቁጥሩን አስቀመጠ። አወያዩ ቁጥሩን አጠፋው። አገሬ!

27. ወንድሜ ነበር።

በራሱ ስም አልጻፈም፤ ግን እትዬ ብሎ ሲጀምር አወቅኩት። ክሩን ከመጀመሪያው እያነበበ ነበር። መጀመሪያ አረመኝ። የሸጥኩት ሁለት በሬ አይደለም፤ አንድ በሬና አንዲት ጊደር ነው፤ ቦራው በሬዬ አሁንም አለ አለ። ከተማ ከገባሽ ወዲህ በረቴን አይተሽው አታውቂም ማለቱ ነው። እውነቱን ነው። ከዚያ፣ ለምን እንዳመነ ጻፈ። ስግብግብ ሆኜ አይደለም አለ። ቀን ስለሰጠኝ ነው። ቀን ያለው ነገር ያስተኛል። ሌሊት ሌሊት እየቆጠርኩ ነበር የምተኛው፤ ይህን ያህል ቀረ እያልኩ። ቀኑ ሲያልፍ ያጣሁት በሬውን ብቻ አይደለም፤ እንቅልፌንም ነው።

ሦስት ዓመት ሙሉ ይህን አልነገረኝም። እኔም አልጠየቅኩትም። ሞኝ ብዬው ነበር፤ ያውም በሰው ፊት።

28. ያ 22ኛው ተመልሶ መጣ። ሊሰድበው ነው ብዬ ደነገጥኩ። እሱ ግን ወንድሜን ምን ትበላለህ፣ ልጅ አለህ ወይ ብሎ ጠየቀው። ለተፈናቃይዋም የት መጠለያ እንዳለች በውስጥ መስመር እንድትጽፍለት ለመናት። ስለ ትንቢት አንድ ቃል አልተነፈሰም። ሐሳቡን የቀየረ አይመስለኝም።

29. ጋሼ የደብዳቤውን መጀመሪያ አስታወሱን። ሁላችንም በየግድግዳው የምንለጥፈው ኤርምያስ 29፥11ን ነው፤ ፍጻሜና ተስፋ የሚለውን። ስድስት ቁጥር ወደ ላይ ብንወጣ ግን ቤት ሥሩና ተቀመጡ፣ አትክልት ተክላችሁ ፍሬውን ብሉ ይላል። ትዳር ያዙ፣ ልጅ ውለዱ ይላል። ለተማረካችሁባትም ከተማ ሰላም ጸልዩ ይላል። ሐናንያ ጓዛችሁን አትፍቱ ያለ ያህል ነው፤ ኤርምያስ ደግሞ ፍቱ አለ። ወንድሜንም አነሱት። ቀን ቆጥሮ መተኛት ነውር እንዳልሆነ፣ እሳቸውም በሰባ ሰባት ረሃብ ጊዜ የመኸሩን ቀን ይቆጥሩ እንደነበር ጻፉለት። የሚቆጠረው ግን የዘራኸው ነገር ሲኖር ነው አሉት። እኔ ከክሩ ሁሉ ወስጄ ማስታወሻዬ ላይ የገለበጥኩት ይህችን ብቻ ነው።

30. አንዲት እህት ኢትዮጵያዊው አቤሜሌክ እንዴት ተረሳ ብላ ተቆጣች። ኤርምያስ ጭቃ ጉድጓድ ውስጥ ሲጣል ለንጉሡ ተናግሮ፣ ገመድና አሮጌ ጨርቅ አውርዶ ያወጣው የኛው ሰው ነው። ጨርቁን ያወረደው ገመዱ ብብቱን እንዳይቆርጠው ብሎ ነው። ነቢዩን ከማውጣቱ ይልቅ ስለ ብብቱ ማሰቡ ነው የሚያስለቅሰኝ አለች። በትውፊትም አቤሜሌክ በለስ ሊያመጣ ወጥቶ፣ ዛፍ ሥር ጋደም ቢል 66 ዓመት ተኛ። የኢየሩሳሌምን መፍረስ ሳያይ አለፈ። ሲነቃ በለሱ እንዳለ ትኩስ ነው።

31. የ66 ዓመቱ እንቅልፍ በትንቢተ ኤርምያስ ውስጥ የለም የሚል እርማት መጣ። እሷ እኮ በትውፊት ብላለች።

32. ያ 9ኛው ነው። አቤሜሌክ ተኝቶ አሳለፈው፣ እኛ ግን ነቅተን ነው ያየነው አለ። ቀጥሎ 8ኛውን ይቅርታ ጠየቀው። 8ኛው እስካሁን አልመለሰም።

33. ከሞጃና ወደራ አንድ ገበሬ ነው። ወይም የገበሬ ልጅ፤ ስልኩ የማን እንደሆነ እንጃ። ፊደሉ ይዘላል፣ ነጥብ የለውም። ለወንድሜ ነው የጻፈው። ቦራው ካለ እኔም አንድ በሬ አለኝ፤ ጓዱ ባለፈው ዓመት ሞቶብኛል። ለበልግ መቀናጆ እንግባ። የኔን አንድ ቀን፣ ያንተን አንድ ቀን። ሰላ ድንጋይ ገበያ ላይ ተገናኝተን በሬዎቹ ቁመታቸው ይመጣጠን እንደሆነ እንይ።

ክሩ ላይ ብዙ ጥቅስ ተጠቅሷል። ብዙ ላይክ ያገኘው ይህ ነው።

34. ወንድሜ መለሰ። ቦራው ቁመቱ ደህና እንደሆነ፣ በግራ በኩል መጠመድ እንደለመደ ጻፈ። ከጥምቀት በኋላ ዝናቡ ጠብ ካለ ይጀምራሉ። ቀንበር አለው፤ የአባታችን ነው፣ የወይራ። ማሰሪያ ጠፍሩ፣ ምራኑ፣ ግን ተበጥሷል። ምራን ካለህ ይዘህ ና አለው።